ለእኔ እጅ የሚሆን ሽጉጥ

ኑ፣ ግቡ። ጫማችሁን አታውልቁ፣ ምንጣፉ እንደሆነ አርጅቷል። ሶፋው ላይ ያለውን የታጠበ ልብስ ገፋ አድርጋችሁ ቁጭ በሉ። አንቺ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ተነሽና ወደ እኔ ቅረቢ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ደግሞ ስትስቂ ማየት እፈልጋለሁ። የምነግራችሁ ነገር ያስቃል። ያናድዳልም። እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሽፈራው ባለቤቴ ነው። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ ሳይነጋ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይገባል። እኔ ደግሞ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነበርኩ። የአውራ ጣቶቼ መጋጠሚያ እምቢ እስኪለኝ ድረስ አንሶላ ሳጥፍ ኖርኩ። ይህችን የሎረንስቪል ቤት የገዛናት በዚህ እጅና በእሱ መሪ ነው። ስለዚህ ቤቴ ስል፣ ቤቴ ማለቴ ነው።

ያን ጊዜ ቅጠል የሚረግፍበት ሰሞን ነበር። ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ጎረቤት ሣሩን ያጭዳል። እኔ የልብስ ማድረቂያው አጠገብ ቆሜ የትራስ ልብስ አጥፋለሁ። የጓሮው በር አንዴ ጓ! አለ። ነፋስ መስሎኝ ብቅ አልኩ። አንድ ጎረምሳ ወጥ ቤቴ መሀል ቆሟል፣ በሩ ከኋላው በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል።

አየኝ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። እኔም የትራስ ልብሱን ደረቴ ላይ ይዤ አየሁት። 

«ሶሪ፣ ግራንማ» አለኝ።

ከዚያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሮጠ? አልሮጠም! ጠረጴዛው ላይ ካለው ሙዝ አንዱን ገንጥሎ፣ እየላጠ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ልጣጩን ደረጃዬ ላይ ጣለው።

ልጆቼ፣ እኔን ያመመኝ በሩ አይደለም። በር ይሠራል። ያመመኝ ያ ቀስ ማለቱ ነው። ሰው ቤት መግባቱን እንኳ አልቆጠረውም፤ ማንም እንደሌለበት ቤት ነው የወጣው።

ፖሊሶቹ መጡ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ልጄ ሕዝቅያስ ከሚኖርበት ከኬኔሶ መኪናውን እያበረረ መጣ። አቅፎኝ ሲያበቃ ወዲያው መወሰን ጀመረ።

«በቃ እማዬ፣ እኛ ጋ ትመጫለሽ። አባዬ ሥራ ሲገባ አንቺ እዚህ ብቻሽን አትውይም። ቤዝመንቱን አሳምረነዋል፣ የራስሽ መታጠቢያ አለው፣ ልጆቹ አሉ። ቀስ ብለን ቤቱን ደግሞ እንሸጠዋለን።»

«ቤዝመንት?»

«ቆንጆ ነው እኮ! መስኮትም አለው።»

«ሕዝቄ፣ እኔ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ የት እንደነበረ ታውቃለህ? ከመሬት በታች ነው። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ውስጥ የኖርኩት ከላይ የራሴ መስኮት እንዲኖረኝ ነው። አሁን ደግሞ ተመልሼ ልውረድ?»

ግንባሬን ሳመኝ። ግን የልጄን መሳም አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለት አይደለም። ከገና በኋላ ዕቃዬን የሚጭን ትልቅ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ለአባቱ ነግሮት ሄደ።

እዚህ ላይ ሽፈራውን ላመስግነው። ያን ቀን ማታ እጄን ይዞ «መሣሪያ እገዛልሻለሁ እየሩስ። ከቤትሽ ማንም አያስወጣሽም» አለኝ። ደስ አለኝ። እኔ ሽጉጥ ፈልጌ አላውቅም፤ ግን ከጎኔ ሲቆም ደስ አለኝ።

ታዲያ ለመግዛት ማንን ይዞ ሄደ? እኔን? የለም። ዘገዬን! ዘገዬ ጓደኛው ነው። አገር ቤት ወታደር ቤት ነበር፣ እውነት ነው፤ የነበረው ግን ወጥ ቤት ነው። ሲያወራ ግን ጦር የመራ ይመስላችኋል። ሁለቱ ቅዳሜ ረፋዱን ሄደው ከሰዓት ሲመለሱ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ፣ ሰማያዊ ቢጤ ጥቁር ብረት የሆነ ትልቅ ሽጉጥ ይዘው መጡ።

«ለአንቺ ነው» አለ ሽፈራው፣ ወርቅ የገዛልኝ ይመስል።

«እንዲህ ዓይነቱን መሣሪያ ያየ ሌባ ተንበርክኮ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ፣ እትዬ እየሩስ» አለ ዘገዬ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሰው ተጠራ። አዲስ መኪና ሲገዛ እንደምናደርገው ማለት ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ያበርክትላችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ ተባለ። ሽፈራው ጠበል ከጠርሙሱ ረጨበት። መኪናውንም ረጭቶታል፣ ቤቱንም ረጭቶታል፤ ሽጉጡን ለምን ይተወው? ከዚያ ሽጉጡ ባዶውን ከእጅ እጅ ዞረ። ዘገዬ አነጣጠረ። የጎረቤታችን አማች እንኳ ይዞ ፎቶ ተነሣ። እኔ ወጥ አቀርብ ነበር። ለእኔ የተገዛውን ሽጉጥ እዚያ ቤት ያልነካሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንግዳው ሲሄድ ሽፈራው ጠበሉን ባበሰበት እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ብረት ሳጥን ውስጥ ከተተው። ቆለፈ። ቁልፉን ከቫኑ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ አሰረው።

«ቁልፉስ?» አልኩት።

«እኔ ጋ ነው፣ አታስቢ። የልጅ ልጆች ይመጣሉ አይደል? ጥንቃቄ ነው።»

ለጥንቃቄው እውነቱን ነው። ግን ሰኞ ጠዋት ቫኑን አስነሥቶ ሄደ፤ ቁልፉም አብሮ ሄደ። እኔ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳጥኑን አየሁት። ስልክ ደወልኩ።

«ሽፌ፣ የት ነህ?»

«ኤርፖርት። ሰው እየጫንኩ ነው። ምነው?»

«ሌባው ቢመለስ ምን ልበለው?»

«እ?»

«ሽጉጥ አለኝ ግን ቁልፉ ኤርፖርት ነው፣ ባለቤቴ መንገደኛ አድርሶ እስኪመጣ ሙዝ እየበላህ ጠብቀኝ ልበለው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ!»

እንዲህ እየተባባልን ሳምንት በሳምንት ላይ ሄደ። አስተምረኝ እላለሁ፤ ዛሬ ደክሞኛል ይላል። ክፈተው እላለሁ፤ እሁድ ይላል። አንድ እሁድ ግን የማልለቀው መሆኔን ሲያይ አወረደውና ከፈተው። ጨርቁ ሲገለጥ ያ የሚያበራ ብረት ቡናማ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ዝጓል! ሽፈራው በሸሚዙ ጠርዝ ጠረግ ጠረግ አደረገና እንዳላየ ሆነ።

«ይሄ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይሳባል። ያን ጊዜ ጥይት ይጎርሳል። በይ፣ አቀባብይ» አለኝ።

ያዝኩ። በሌባ ጣቴና በአውራ ጣቴ ቆንጥጬ ሳብኩ። ንቅንቅ የለም። እንደገና። አውራ ጣቴ መጋጠሚያ ላይ እሳት ነደደ። ጥርሴን ነክሼ ሳብኩ፤ ላቤ መጣ።

ሽፈራው ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው። ፊቱ ያሳዝናል። «አየሽ እየሩስ፣ እጅሽ አይችልም። እኔ የምችለውን አደረግኩ። ኬኔሶ ብትሄጂ ነው የሚሻለው» አለ።

ያ የኔ የተባለው ሽጉጥ፣ ቤቴ ያቆየኛል የተባለው፣ ከቤቴ የሚያስወጣኝ ምክንያት ሆነ። ገባችሁ? መኪናው የሚመጣው ከገና በኋላ ነው። ገና ደግሞ ደርሷል።

«ሽጉጡ አይሆንም በል እንጂ እጄ አይችልም አትበል» አልኩት። «ይሄ እጅ ያልቻለው ምንድን ነው?»

በዚያ ሳምንት ዶራቪል ገበያ ሄጄ ከፊቴ ተራ የምትጠብቅ ልጅ አየሁ። ሸሚዟ ጀርባ ላይ የተኩስ ኢላማ ተስሏል። በስልኳ በአማርኛ ስታወራ ሰማሁና ትከሻዋን ነካ አደረግኩ። አያንቱ ትባላለች። የተኩስ መለማመጃ ቦታ ትሠራለች፤ ሴቶች ታስተምራለች። የሽጉጡን ጣጣ ሁሉ ነገርኳት።

«ማዘር፣ ቅዳሜ ነይ» አለችኝ። አንቺ ነው ያለችኝ፣ እዚህ ያደገች ናት። እኔ ደግሞ ወደድኩላት። «የገዛችሁትንም ይዛችሁ ኑ። እሱንም ይዘሽው ነይ።»

«ሽጉጡን?»

«ባልሽን።»

ቅዳሜ ሄድን። ዘገዬም ሳይጠራ መጣ፣ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ እስከምንደርስ ድረስ ስለ ጦር ሜዳ እያወራ። አያንቱ ሳጥኑን ከፍታ ጥይት እንደሌለበት አየችና ሽጉጡን ወደ መብራት አስጠጋችው።

«ዝናብ ላይ ጥላችሁት ነበር እንዴ?»

ሽፈራውና ዘገዬ ተያዩ። እኔ ነኝ የተናገርኩት። «ጠበል ነው።»

«ምን?»

«ጠበል ተረጭቶበት፣ በእርጥቡ ተጠቅልሎ ሰነበተ።»

ከንፈሯን ነከሰች፣ ዞረች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስትመለስ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «ይቅርታ ማዘር። ቅር አይበላችሁ፤ ይባረክ፣ ጥሩ ነው። ግን ተባርኮም መድረቅ አለበት። ዘይት ይቀባል።» አጸዳችው፣ ዘይት ቀባችው፣ ከፈተች ዘጋችውና ለሽፈራው ሰጠችው። «ጋሼ፣ አንተ ቅደም።»

«እኔ?» አለ ሽፈራው። «የእሷ ነው እኮ።»

«የመረጥከው አንተ አይደለህ?»

የጆሮ መከላከያውን አደረግን። ሽፈራው ቆመ፣ እጁን ዘረጋ። አንድ ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ ያ ነገር ፈነዳ! ደረቴ ውስጥ ሰማሁት። ሽጉጡ ወደ ጣሪያው ዘለለ፣ ሽፈራው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ተኮሰ። አሁንም። አያንቱ ወረቀቱን ስባ አመጣችው። ልክ እንደተሰቀለ፣ ንጹሕ።

«ነፋስ ነው» አለ ዘገዬ።

«ቤት ውስጥ ነን እኮ ጋሼ» አለች አያንቱ።

ሳቅኩ። ልዋሽ አልችልም፣ ሳቅኩ። ከዚያ የሽፈራውን ፊት አየሁና ሳቄ ቆመ። አመድ መስሏል። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አባቴ ጠመንጃውን አንድ ቀን አስተኩሶኝ አያውቅም። ሰደፉን ብቻ ነበር ያስወለወለኝ» አለኝ። ለካ አስተምረኝ ስለው እሁድ እሁድ የሚለኝ ድካም አይደለም። የማያውቀውን ከየት ያስተምረኝ? እጁን ያዝኩት። የእሱም እጅ በላብ ርሷል።

አያንቱ ሌሎች ሽጉጦች አመጣች። ዘገዬ ወዲያው ጣቱን ቀሰረ፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ መያዣዋ ሮዝ የሆነች። «ለሴት ይቺ ትሆናለች!»

«ሮዝ የእኔ ቀለም አይደለም» አልኩ።

«ይሞክሯት እንጂ እትዬ።»

ሞከርኳት። ትንሽ ናት ብዬ ናቅኋት፤ እሷ ግን መዳፌን እንደ ፈረስ ረገጠችው። አያንቱ አስረዳችኝ። ሽጉጥ ሲቀል ግፊቱን የሚሸከመው እጅ ነው፤ ከበድ ያለው የራሱን ግፊት ራሱ ይሸከማል። ትንሽ ሽጉጥ ለኪስ ይመቻል እንጂ ለቤት፣ ለዚያውም ለጀማሪ፣ አይመከርም አለች። ባለ ተሽከርካሪውንም፣ ጥይቱ በሚዞር ቋት ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ሰጠችኝ፤ እሱ ማቀባበል የለውም። ምላጩ ግን ጠጣር ነው፣ ስስበው ጣቴም ሽጉጡም አብረው ይንቀጠቀጣሉ። እሱንም ተውነው።

ከዚያ አንድ መካከለኛ ሰጠችኝ። ጥቁር፣ ምንም የማያምር። ጥይቱ ከዚያ ከትልቁ ያነሰ ነው፤ የላይኛው ብረት የሚሳብበት ምንጭ ደግሞ ለስላሳ ነው አለችኝ። ያም ሆኖ በጣቶቼ ቆንጥጬ ስስብ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመብኝ።  ሽፈራው ወደ ጫማው አየ።

«ማዘር፣ በጣት አይደለም» አለች አያንቱ። «ደረትሽ ላይ አስጠጊው። አፈሙዙ ወደ ኢላማው፣ ሁልጊዜ። የግራ መዳፍሽን በሙሉ ከላይ አልብሺው። አሁን ግራውን ወደ ኋላ፣ ቀኙን ወደ ፊት። ሁለቱን እጅ አለያዪ፣ ፈጥነሽ።»

ሁለቱን እጅ አለያዪ! ደረት ላይ አስጠግቶ፣ መዳፍ ሙሉ ይዞ፣ ሁለቱን እጅ በአንድ ጊዜ ማለያየት! ይኼማ ትልቁ አንሶላ ነው! ከማድረቂያው ተጨማዶ ሲወጣ እንዲዘረጋ ጧ! አድርገን የምንስበው። በጣት የሚስበው አዲስ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እኛ በመዳፍና በክንድ ነበር የምንስበው።

ሳብኩት። ጧ! አለ።

«ኦ ማይ ጋድ!» አለች አያንቱ። «እንደገና!»

ጧ! እንደገና ጧ! አውራ ጣቴ ምንም አልተነካም። ሽፈራው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ እንኳ እንባዬ መጣ፤ ያን ሁሉ ዘመን የበላኝ ሥራ ለካ አንድ ነገር እጄ ውስጥ አስቀምጦልኛል።

ተኮስኩ። መሀሉን አልመታሁም፣ አልዋሽም። ግን ወረቀቱ ሲመጣ ሁሉም ቀዳዳ እዚያው የተሳለው ሰውዬ ላይ ነበር፤ አንዱ ትከሻ ላይ፣ አንዱ ሆድ ላይ፣ ተበትኖ። ከዚያ ለሽፈራው ሰጠሁት። በዚያው ሽጉጥ እሱም መታ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሲያይ እንደ ልጅ ዞሮ አየኝ።

«ይሄ ነው» አልኩ። «ለሁለታችን እጅ የሚሆነው ይሄ ነው።»

«ጥይቷ ግን አነሰች» አለ ዘገዬ።

«በትልቁ ማን ምን እንደመታ አይተናል» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ ጦር ሜዳ አልተነሣም።

ትልቁን ለሽጉጥ ሱቁ መልሰን በዚህኛው ለወጥን። ሳጥንም ተቀየረ፤ ቁልፍ የሌለው። መጀመሪያ በጣት አሻራ የሚከፈት አሳዩን። የሽፈራውን ጣት ተቀበለ፣ የእኔን እምቢ አለ። የልብስ ማጠቢያው ኬሚካል አሻራዬን ጨርሶታል! ታዲያ ልተክዝ? ባለ ቁጥሩን ስጡኝ አልኩ፤ በጨለማ እየዳሰሱ የሚጫኑት። ቁጥሩን ሽፈራውና እኔ ብቻ እናውቀዋለን። ለእናንተም አልነግርም፣ አትለፉ።

አያንቱ ስንሰናበት ፊቷን ኮስተር አድርጋ ነገረችን። ሽጉጥ ይዞ በቤት ውስጥ ሌባ ፍለጋ አይኬድም። መኝታ ቤት ገብተሽ በሩን ቆልፊ፤ ከአልጋው ጀርባ ሁኚ፤ ናይን ዋን ዋን ለፖሊስ ደውይ፤ መሣሪያ አለኝ፣ አትግባ ብለሽ ጩኺ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እየመጣችሁ ተለማመዱ። እንሄዳለን። አሁን ሽፈራው ቫኑን የሚያጥብበት ቀን ከቅዳሜ ተቀይሯል።

ከገና በኋላ ሕዝቅያስ መጣ። የተከራየውን ትልቅ መኪና በረንዳው አጠገብ ፓርክ አደረገና ካርቶን ተሸክሞ ገባ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እልጣለሁ።

«እማዬ፣ አልሸከፍሽም?»

«አልሸከፍኩም።»

አባቱን አየ። ሽፈራው «እኔን አትየኝ፣ ባለቤቷ እሷ ናት» አለው። ይህን አልረሳለትም።

ሁሉንም ነገርኩት። ሳጥኑን አሳየሁት፣ ልጆቹ ሊከፍቱት እንደማይችሉ ራሱ ታግሎ አየ። ከዚያ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ ሰው ልትገድዪ ትችያለሽ?»

ልጄ ነው፣ መጠየቁ ልክ ነው። እኔም ቢላዋውን አስቀምጬ እውነቱን ነገርኩት። «እግዚአብሔር አያምጣው። በየቀኑ እንዳያመጣው እለምናለሁ። ሽጉጡን ሳነሣም እፈራዋለሁ፣ መፍራቴንም አልተውም። ግን ሕዝቄ፣ እኔ የቤዝመንት ሰው ሆኜ አልሞትም። ቤቴ ገብቶ፣ ዐይኔን አይቶ፣ ማንም እንደሌለ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰው ሁለተኛ አይኖርም። ልትጠብቀው ነው የምታስበው ብለህ አትፍራ። ልኖር ነው የማስበው። እዚሁ።»

«ከመጣስ?»

«ሰው እንዳለ ያውቃል።»

ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ከሽንኩርቱ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ። በል ተነሥ፣ ያን መኪና በባዶው አትመልሰው። አባትህ የጠጋገነውን የጓሮ በር አይተኸዋል? ሂዱና ብረቱን በር አምጡልኝ፣ ረዣዥም ብሎን ያለው። ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን።»

አመጡት። ራሱ ሕዝቅያስ ነው የገጠመው፣ እስኪመሽ ድረስ እያላበው። ካርቶኖቹን ምን እንዳደረግናቸው ትጠይቁኛላችሁ? ሽፈራው ጓሮ ዘርግቷቸው ቃሪያ ተክሎባቸዋል።

ሙዙም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አያችሁት? አላነሣሁትም። ገንጥላችሁ ብሉ እንጂ፣ እናንተማ እንግዶቼ ናችሁ።

አሁን መሽቷል፣ መንገዱ ይጨናነቅባችኋል፣ ተነሡ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በዚህ በኩል ስታልፉ፣ ሥራም ስትሄዱ፣ ልጅም ስታመላልሱ፣ ሰማያዊዋን በር አስቡልኝ። ውስጥ እኔ እንዳለሁ አስታውሱና አንዴ ክላክስ አድርጉልኝ። እኔም በመስኮቴ እጄን አወዛውዛለሁ።